ውሃ ስጠብቅ የጀመርኩት ደብተር

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። አራተኛ ፎቅ ለምንኖረው ደግሞ ተራችን ቢደርስም ቀን ቀን አይወጣልንም። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ፣ ታች ያሉት ሁሉ ቧንቧቸውን ዘግተው ሲተኙ፣ የእኛ ቧንቧ መጀመሪያ ያስላል። ቀጥሎ አየር ይተፋል። ከዚያ ውሃው ቀጥኖ መውረድ ይጀምራል። ጄሪካን ደርድሮ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ አንዴ ከተኛ ጥሩምባ ቢነፋ አይሰማም። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር ስላልነበረኝ ሥራው ለእኔ መሰጠቱ ተገቢ ነበር።

ጊዜው መስከረም 2015 ነው። አባቴ ካረፉ ስምንተኛ ወራቸው።

አባቴ የሞቱት በልብ ሕመም ነው። «ድንገት ነው» ተብሎ ተለቀሰ። በኋላ ሲጣራ ግን ድንገት አልነበረም። ለወራት ደረታቸውን ሲወጋቸው ከርሟል። ለእናቴም ለእኛም ትንፍሽ አላሉም። «ሆድ ይፍጀው» ብለው ያደጉ፣ እኛንም በዚያው ያሳደጉ ሰው ነበሩ። እኔ የበኩር ልጃቸው ነኝ። ድንኳኑን፣ ከእድሩ ጋር መነጋገሩን፣ ንፍሮውን፣ የሩቅ እንግዳ ማደሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰልስቱ አለፈ። አርባው ወጣ። ሰውም ወደየቤቱ ተበተነ። እኔም ሥራ ገባሁ። ጎበዝ ተባልኩ። «አንቺ እኮ ወንድ ነሽ» ያሉኝም ነበሩ። ምርቃት መስሏቸው ነው።

ነሐሴ ላይ ጀመረኝ። ቢሮ ቁጭ ብዬ የወሩን ፔሮል እየሠራሁ ልቤ በድንገት ይደልቃል። እጄ ይቀዘቅዛል። ትንፋሼ ያጥረኛል። «የአባቴ በሽታ መጣብኝ» እላለሁ። ኢሲጂ ተነሣሁ፤ ደህና ነው። የልብ አልትራሳውንድ ታየሁ፤ ደህና ነው። «ልብሽ ጤነኛ ነው» ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ጤነኛ ከሆነ ታዲያ ለምን እንዲህ ያደርጋል? እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ሄድኩ። አልከፋኝም። ቢያንስ እዚያ ሰው ሲያለቅስ ማንም «በቃሽ» አይለውም።

ሦስተኛው ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ወረቀቶቼን አገላብጠው አዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ልብሽ ሲመታ ሰዓቱን ጻፊልኝ። ከዚያ በፊት ምን እንደበላሽ፣ ምን እንደጠጣሽ፣ ማን እንዳናገረሽም ጻፊ። በወሩ ይዘሽልኝ ነይ።»

የደብተሬ አጀማመር ይኸው ነው። ቆዳ የለበሰ ቆንጆ ማስታወሻ አልገዛሁም። ከልጄ ያለፈ ዓመት ደብተሮች አንዱን አነሣሁ። ባለ 50 ሉክ፣ ግማሹ ያልተጻፈበት፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለው የሳይንስ ደብተር። ከ«የተክሎች ክፍሎች» ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ፣ ኩሽና ውስጥ ጄሪካን ላይ ተቀምጬ፣ «8፡10። መታ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ይህን የማወራው ብዙ ሰው ማስታወሻ መያዝ ሲባል የሚያምር ጽሑፍ ስለሚመስለው ነው። እኔም ይመስለኝ ነበር። አባቴ በፊደል ቀልድ አያውቁም ነበር። ደብዳቤ ስጽፍላቸው «ንጉሡ ሠ»ን በ«እሳቱ ሰ» ከተካሁ አርመው ይልኩልኝ ነበር። ደብተሬ ላይ ግን ሆን ብዬ ፊደል አበላሻለሁ። መስመር እስታለሁ። የምጽፈው ለማንም አይደለማ። ዓረፍተ ነገር ማሳመር ስጀምር መዋሸት እንደጀመርኩ በኋላ ገባኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገጾች ቢታዩ ያስቃሉ። «ማክሰኞ። ሽሮ። ደበረኝ።» «ረቡዕ። ሥራ በዛ። ደበረኝ።» «ሐሙስ። ደበረኝ።» ከፍቼ ሳየው ራሴም ታዘብኩ። ይህች «ደበረኝ» የምትባል ቃል ስንቱን ተሸክማለች! ዝናቡም ይደብራል፣ ስብሰባውም ይደብራል፣ የአባት ሞትም ይደብራል። ከዚያ በኋላ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ «ደበረኝ» ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል፣ ግን ከጎኑ ሌላ ቃል መኖር አለበት።

መጀመሪያ ቃሉ አይመጣም። እስክሪብቶ ይዞ መፋጠጥ ነው። ቀስ እያለ ግን ይመጣል። ቅር አለኝ። ሆድ ባሰኝ። ሰጋሁ። አፈርኩ። ሰለቸኝ። ናፈቀኝ። አማርኛችን ለሆድ ነገር ድሃ አይደለም፤ ሰነፎቹ እኛ ነን። አንድ እሑድ የባለቤቴ እኅት ከአባቷ ጋር መጥታ ቤታችን ምሳ በሉ። ሽማግሌው ቀልደኛ ናቸው። ልጄን ሲያስቁት ዋሉ። ማታ «ደበረኝ» ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ የሚሆን ቃል ፈለግኩ። ደከመኝ? አይደለም። ናፈቀኝ? ትንሽ። በመጨረሻ የወጣው ቃል «ቀናሁ» ነው። ደነገጥኩ። ሰው በአባት ይቀናል እንዴ? ይቀናል። ከጻፍኩት በኋላ ግን ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ትንሽ ለቀቅ አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌው ሲመጡ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

ቃሉ ሲለይ የሚደረገውም ይለያል። የናፈቀው ሰው ይደውላል። የሰጋ ሰው ያጣራል። የሰለቸው ይነሣና ይወጣል። የ«ደበረኝ» መድኃኒት ግን ማንም አያውቀውም።

በወሩ ደብተሩን ለሐኪሙ ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሰዓቶቹን ብቻ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ቀና ብለው «እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ምን አለ?» አሉኝ። ምንም የለም አልኩ። «አራቱም እሑድ መቷል» አሉኝ።

ታክሲ ውስጥ ነው የገባኝ። አባቴ እሑድ እሑድ የሁለት ሰዓት ዜና ካለቀ በኋላ ይደውሉልኝ ነበር። ከደብረ ብርሃን። ለዓመታት። ብዙ አናወራም። «ደህና ናችሁ? ልጁ ደህና ነው? በሉ ደህና እደሩ።» ሁለት ደቂቃም አይሞላም። እኔ ረስቼዋለሁ። ሰውነቴ ግን ስልኩን እየጠበቀ ነበር። መስኮት ተደግፌ ከሜክሲኮ እስከ ጀሞ አለቀስኩ። ረዳቱ ሒሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈኝ።

ቁጥር ባልጽፍ ኖሮ ይህን መቼም አላገኘውም ነበር። ሰው ስለ ራሱ ያለው ትዝታ ሲከፋው አድልዎ ያበዛል። «ሁሌም እንዲህ ነኝ» ያሰኛል። ደብተሩ ግን «ሁሌም» አይልም፤ «አራት እሑድ» ነው የሚለው።

ሌላም ነገር ወጣ። ልቤ ከመታባቸው ሌሊቶች አብዛኞቹ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ቡና የጠጣሁባቸው ቀናት ነበሩ። አቦል ብቻ ጠጥቼ የተነሣሁ ቀን ደህና ነኝ። ቶናውንና በረካውን ስደግም ሌሊቱ አይነጋም። ቡናው በሽታውን አላመጣውም፣ ግን ያነደው ነበር። አሁንም ቡና ላይ እሄዳለሁ። የጦስኝ ሻይ ይፈላልኛል። «የሆስፒታሏ መጣች» ይሉኛል። ይበሉ።

ሐኪሙ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መሩኝ። እሷ ደግሞ ዓምድ እንድሠራ አስተማረችኝ። ለሒሳብ ሠራተኛ ዓምድ ማለት ቤት ማለት ነው። አራት ናቸው፦ ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ምን ተሰማኝ ከአሥር ስንት፣ በኋላስ ምን ሆነ። ደብተሬ ላይ ያለውን አንዱን እንዳለ ልገልብጠው፦

«ረቡዕ 4፡20። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነይ አለኝ። / ሊያባርረኝ ነው። / ፍርሃት፣ 9። / የአዲስ ሠራተኞች ስም ዝርዝር ፈልጎ ነው። ሻይ ጋበዘኝ።»

አራተኛው ዓምድ በዚያው ሰዓት አይሞላም፤ ማታ ወይም በማግስቱ ነው። ብዙ ሰው ሦስቱን ሞልቶ ይተወዋል። እኔን የጠቀመኝ ግን አራተኛው ነው። በሁለት ወር ውስጥ «ሊያባርሩኝ ነው» የሚለው ሐሳብ 11 ጊዜ ተጽፏል። የተባረርኩት ዜሮ ጊዜ። ሐሳቡ ከዚያ በኋላም መምጣቱን አልተወም። ግን 12ኛ ጊዜ ሲመጣ «ደግሞ መጣሽ?» ብዬ እንደ ለመድኩት እንግዳ ተቀበልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ውርደቴን ልንገራችሁ።

ትምህርት ሲከፈት የልጄን ደብተሮች በአንድ ዓይነት ቡኒ ወረቀት ለበድኩ። የእኔንም አብሬ ለበድኩት፣ ማንም እንዳይለየው ብዬ። ብልጠቴ ይህ ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጣና ቦርሳውን ጥሎ «እማዬ፣ ቲቸር ይሄ የእናትህ መሰለኝ ብላ መለሰችልኝ» አለና ደብተሬን ሰጠኝ። እግሬ ከዳኝ። ለእርማት ደብተር ሲሰበሰብ የእኔን አስገብቶታል። ከፈትኩት። የዚያ ረቡዕ ገጽ ላይ፣ «ፍርሃት፣ 9» ከሚለው አጠገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ፊርማ ተጀምሮ ግማሽ ላይ ተቋርጧል። መምህሯ የደብተር ቁልል እየፈረመች በልማድ ጀምራው፣ እዚያ ላይ ነው ያነበበችው።

ሁለት ቀን አፈርኩ። የወላጅ ስብሰባ ላይ መሄድ አልፈለግኩም። ሄድኩ። መምህሯ እጄን ስትጨብጠኝ ትንሽ ቆየት አደረገችው። ስለ ልጁ ብቻ ነው ያወራችኝ። ያንን ገጽ እስካሁን አልቀደድኩትም። እንዲያውም እወደዋለሁ። ፍርሃቴን አንድ ሰው አይቶ የፈረመበት ብቸኛው ወረቀት ነው። ለእናንተ ግን የምለው ሌላ ነው፦ ደብተራችሁን የት እንደምታስቀምጡ ሳታስቡ አትጀምሩ። ሰው ያነበዋል ብላችሁ ከፈራችሁ እጃችሁ ይዋሻል። የእኔ አሁን ቢሮ፣ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። የሰው ምስጢር በስም አልጽፍም፤ በመጀመሪያ ፊደል ነው። አንዳንድ ገጽ ደግሞ ተጽፎ የሚያበቃ ነው። ያንን ቀድጄ ከሰሉ ላይ እጥለዋለሁ። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ደብተር መደበቂያም ከሌላችሁ፣ ስልክ ላይ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ማስታወሻ ይሻላል። ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ ለራሷ ድምፅ እየቀዳች ነው የምታስቀምጠው። «ስጽፍ ያዩኛል፤ ሳወራ ግን ከእናቴ ጋር የማወራ ይመስላቸዋል» ትላለች። እኔ ስልክ አልሆነልኝም። ለመጻፍ ከፍቼው ቲክቶክ ላይ እነቃለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ጥር ደረሰ። ሙት ዓመት። ያን ወር በየሌሊቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የጻፍኩት፦ ለምን ቀድሜ ሐኪም ቤት አልወሰድኳቸውም። 14 ገጽ። ቃሉ ይቀያየራል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ስጽፍ የሚወጣልኝ መስሎኝ ነበር። እየባሰብኝ ሄደ። ባለሙያዋ ገጾቹን አገላብጣ «ይሄን ሁሉ ስትጽፊ አዲስ ያገኘሽው ነገር አለ?» አለችኝ። አሰብኩ። የለም። «እንግዲያው ይሄ መጻፍ አይደለም፤ ማመንዠክ ነው» አለች። ላም ያኘከችውን መልሳ እንደምታኝከው ማለቷ ነው። ሣሩ አያልቅም፤ ላሟም አትጠግብም።

ስለ መጻፍና ጤና ሲወራ ስሙ የሚነሣ ጄምስ ፔንቤከር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አለ። ከሳንድራ ቢል ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ስለ ሕይወታቸው ከባድ ገጠመኝ እንዲጽፉ አደረጉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት፣ በቀጣዮቹ ወራት ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ክሊኒክ መሄድ ቀነሱ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ይህን ብቻ ነው። የሚዘለለው ክፍል ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጽፈው እንደጨረሱ ስሜታቸው ወዲያው አልተሻለም፤ እንዲያውም ከፍቷቸው ነበር። ሁለተኛ፣ አራት ቀን ነው፤ ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ አይደለም። በኋላ የመጡት ጥናቶች ውጤትም ወጣ ገባ ነው፤ ጥቅሙ ሲገኝም መጠነኛ ነው። ፔንቤከር ራሱ «ይህን ብጽፍ ከአቅሜ በላይ ይሆናል ካልክ ሌላ ነገር ጻፍ» የሚል ምክር አለው። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው በጣም የሚያመኝን ነገር ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ብቻዬን፣ በባዶ ሆዴ የምነካካው።

ስለዚህ ቀየርነው። ከባዱ ነገር ቅዳሜ ጠዋት፣ በብርሃን፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ። ስልክ ላይ 15 ደቂቃ ይሞላል። ሲጮህ ይቆማል። ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ መኖሩን አውቃለሁ። አራት ቅዳሜ ብቻ። የመጀመሪያው ሥራዬም ለአባቴ ደብዳቤ መጻፍ ሆነ።

«አባዬ፣ እንደምን አሉ?» ብዬ ጀመርኩ። ሳቄ መጣ። ለሞተ ሰው እንደምን አሉ ይባላል? ግን ዕድሜዬን ሙሉ «አንቱ» ነበር የምላቸው። ሁለት መስመር ስለ ልጁ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ ራሱ «ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ ጻፈ።

አቆምኩ። «አልነገርከኝም።» አባቴን አንተ አልኳቸው። ዞር ብዬ በሩን አየሁ፣ የሚቆጣኝ ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ ቀጠልኩ። ሦስት ገጽ በ«አንተ» ጻፍኩ። ደረትህን ሲያምህ ለምን ደበቅከኝ። እኔ ማን ነኝ ላንተ። ስትደውል ሁለት ደቂቃ ብቻ የምታወራኝ እሱን ላለማውራት ነበር? እስከዚያ ቀን ድረስ የምወቅሰው ራሴን ብቻ ነበር። ለካስ የተናደድኩት በእሳቸው ነው። በ«አንቱ» መናደድ አይቻልም፤ ቋንቋው ራሱ አይፈቅድልሽም። ስልኩ ጮኸ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሳላስበው ተመልሼ «ይረፉ አባዬ» አልኩ። ቀኑን ሙሉ ራሴን አመመኝ። ማታ ግን እንደ ሰው ተኛሁ።

ከራሴ ጋር ሳወራም ተመሳሳይ ነገር ይሠራልኛል። ሲጨንቀኝ «እኔ» እያልኩ ስጽፍ እሰምጣለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?» ብዬ ስጽፍ ግን ነገሩን ከጎን ሆኜ አየዋለሁ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ ይህን አጥንተውታል፤ ሰው ራሱን በስሙ ወይም «አንተ» እያለ ሲያናግር ጭንቀቱን መቆጣጠር እንደሚቀለው አሳይተዋል። የእኛ እናቶች እንጀራ እየጋገሩ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» የሚሉት ለካ ዝም ብለው አይደለም።

የምስጋና ዝርዝርም ሞክሬያለሁ። በየቀኑ ሦስት የማመሰግንባቸው ነገሮች። ለብዙ ሰው ይሠራል። ለእኔ መጀመሪያ አልሠራም። ምክንያቱን አሁን አውቀዋለሁ። እኛ «እንዴት ነሽ?» ስንባል ጥያቄው ሳያልቅ «ተመስገን» እንላለን። ደብተሬም ላይ «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሥራ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ ለጎረቤት የምመልሰውን ነው የጻፍኩት። በኋላ ትንንሽና የዚያን ቀን ብቻ የሆነ ነገር ብቻ ይጻፍ አልኩ። «ረዳቱ መልሴን ሳልጠይቀው ሰጠኝ።» ይህ ታምር ነው፤ አዲስ አበባ የሚኖር ያውቀዋል። «ልጄ ተኝቶ ሳቀ።» «ሊፍቱ ሠራ።» እንዲህ ሲሆን ገባኝ።

እንቅልፍ ለሚያጣ ሰው ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አለ። ከመተኛቴ በፊት አምስት ደቂቃ የነገ ሥራዬን እጽፋለሁ። ስሜት የለ፣ ትንታኔ የለ። «መብራት መክፈል። የልጁ ጫማ። ለወ. መደወል።» በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ከመኝታ በፊት የነገ ሥራቸውን የጻፉ ወጣቶች የሠሩትን ከጻፉት በ9 ደቂቃ ገደማ ቀድመው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አግኝቷል። ዝርዝሩ በተብራራ ቁጥርም ቶሎ ይተኙ ነበር። 9 ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። ጣሪያ እያየ ያደረ ሰው ግን አይንቃትም።

ደብተሩ ብቻውን አዳነኝ ብዬ አልዋሽም። ለዘጠኝ ወር መድኃኒት ወስጃለሁ። ባለሙያ ጋ ተመላልሻለሁ። ደብተሩ የጠቀመው እዚያም ነው። ሐኪም ፊት ስቀመጥ «እንዴት ከረምሽ?» ስባል አፌ «ደህና ነኝ» ብሎ ይቀድመኛል። ደብተሩን አውጥቼ ሳነብ ግን ደህና እንዳልነበርኩ ይናገራል። አንድ የየካቲት ገጽ ላይ «ነገ ባልነቃ ምን አለበት» የሚል መስመር አለ። ጮክ ብዬ ማንበብ አቃተኝና ገጹን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ባለሙያዋ አነበበች። መድኃኒቱ ተስተካከለ፤ ቀጠሮዬም ከወር ወደ ሳምንት ወረደ። እንዲህ ዓይነት መስመር እጃችሁ ከጻፈ ደብተሩን አትዝጉት። በዚያው ቀን ይዛችሁ ወደ ሰው ሂዱ፤ መጀመሪያ ለምታምኑት ሰው፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ስሙን መሰዳደቢያ ያደረግነው እኛው ነን እንጂ ሆስፒታሉ እንደማንኛውም ሆስፒታል ካርድ አውጥተው ወረፋ የሚጠብቁበት ቦታ ነው።

አሁን ስድስተኛው ደብተር ላይ ነኝ። በየቀኑ አልጽፍም። አንዳንዴ ሳምንት ያልፋል። ሳልጽፍ የቀረሁበትን ቀን መቁጠርም ትቻለሁ፤ ያ ራሱ ሌላ ጭንቀት ሆኖብኝ ነበር። ልቤ አልፎ አልፎ ይመታል። ሰዓቱን እጽፋለሁ፣ ያልፋል።

እሑድ ሁለት ሰዓት ተኩል ግን አይዘለልም። አሁን የምደውለው እኔ ነኝ፤ ለእናቴ። መጀመሪያ የደወልኩ ቀን ስለ ደብተሩ ነገርኳት። «እኔ መጻፍ አልችል፣ ምን ይጠቅመኛል?» አለች። «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እጽፍልሻለሁ» አልኳት። ሳቀች። በሚቀጥለው እሑድ ግን ገና «ሄሎ» ስል «እስክሪብቶ ይዘሻል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ከጀርባ በኩል የእሷ ነው። ከማባዣው ሰንጠረዥ ጀምሮ። ታዘኛለች። «ጻፊ፦ ዛሬ ብርዱ አጥንት ይበላል። ጻፊ፦ የጎረቤት ዶሮ ገብታ ጎመኔን ጨረሰችው። ጻፊ፦ ሴትዮዋን ግን አልተቆጣኋትም።» ትንሽ ዝም ትላለች። «ጻፊ፦ አልጋው ሰፊ ነው።» ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ግን ቀጥላ ስለ ጤፍ ዋጋ ታወራለች።

ባለፈው እሑድ ብዙ አወራችኝ። ስለ አባቴ፣ ስለ ወጣትነታቸው፣ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር። እስክሪብቶዬ ሊደርስባት አልቻለም። መሃል ላይ ድንገት ቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይሄንን ግን እንዳትጽፊው» አለችኝ። ነገረችኝ። ሁለታችንም ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

አልጻፍኩትም።